አሮጌው ይኸውላችሁ

ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኑሪ በጥቁር ፌስታል አራት ብረት ይዞ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባና ቁርስ የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፉሉ ሳህንና ከዳቦው መካከል ዘረገፋቸው። እያንዳንዱ ብረት የሕፃን ቡጢ ያህላል፤ ዝጎ፣ ግሪስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከላዩ አጭር አንገት ወጥቶለታል፤ አንገቱን በጣት ሲነኩት እንደ ሰካራም ራስ ወዲያና ወዲህ ይንገዋለላል። «አሮጌው ይኸውላችሁ» አለ ኑሪ እጁን በሶፍት እየጠረገ፣ «ከእንግዲህ ኑሪ መኪናውን ሳያሠራ ሰው ጫነ የሚል እንዳልሰማ።» ሚስቱ አስማ ያዘነችው ለጠረጴዛው ልብስ ነው። ለጉዞው ሲሉ ከጦር ኃይሎች ማዶ በማለዳ የመጡት አጎቱ፣ ጋሽ ፋሩቅ፣ ግን አንዱን ብረት አንስተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ይኼ ነው እንዴ ሲያንኳኳ የከረመው እያሉ አገላበጡት፤ ከዚያም መረቁ። ኑሪን ነው የመረቁት፤ ብረቱማ ምን ምርቃት ያሻዋል።

ልጆቼ፣ መኪና የሌላችሁ ነገሩ እንዳይጠፋችሁ ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ መኪና ያሠራ ሰው የሚታመነው በደረሰኝ አይደለም፤ ደረሰኝማ ወረቀትና እስክሪብቶ ያለው ሁሉ ይጽፈዋል። የሚታመነው ከመኪናው የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ነው። ሹፌር ለባለ ንብረቱ፣ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ አሮጌውን ይዞ ይቀርባል። «አሮጌው የታለ?» የምትለው ጥያቄ ስንቱን ምራቁን አስውጣለች። አሮጌው አንዴ ከታየ ግን ነገሩ አለቀ። አዲሱ መግባቱን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም፤ ጎንበስ ማለት ልብስ ያቆሽሻላ።

ከጠረጴዛው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሷ ሆና በቀረችው ወንበር ላይ ኑሰይባ ተቀምጣለች። ባሏ ኢስማኤል የኑሪ ታላቅ ወንድም ነበር፤ መኪናውም የእሱ ነበር። ዛሬ ቁልፉ ኑሪ ኪስ ነው፤ እንዴት እዚያ እንደገባ በዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም። ኑሰይባ ሻይዋን አስቀምጣ አንዱን ብረት ሳበች፤ የጠርዙን ከንፈር ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም እንዲሁ። ኑሪ ፉሉን በዳቦ እየጠቀለለ በዓይኑ ጥግ ያያታል።

«ምን አየሽ፣ እትዬ?»

«ምንም» አለች።

እውነቷን ነው፤ ምንም አላየችም። ያስደነገጣትም እሱ ነው። ብረቶቹን ወደ ፌስታሉ መለሰችና ልጣልላችሁ ብላ ተነሳች። አስማ አመሰገነቻት፤ የጠረጴዛውን ልብስም በዚያው ይዘሽልኝ ሂጂ አለቻት።

ኑሰይባ የምትኖረው ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ድሮ ማድ ቤትና ዕቃ ቤት በነበሩ ሁለት ክፍሎች ነው። በአንዱ ትተኛለች፤ በአንዱ የኢስማኤል የመፍቻ ሳጥን፣ ሁለት የከሰል ጆንያና የኑሪ የሱቅ ካርቶኖች ይተኛሉ። ከካርቶኖቹ ሥር ላምባ ፈልጋ በጣሳ ቀዳች፤ ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ብረቶቹን አንድ በአንድ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተገቻቸው። የላምባው ሽታ እስከ ፊት ለፊት ቤት ሄደና አስማ መስኮቱን ዘጋች። ኢስማኤል ዕድሜውን በሙሉ የሰው መኪና ነድቶ፣ በጋራዥ ደህና ዕቃው በአሮጌ ሲለወጥበት እያየ ያረጀ ሹፌር ነበርና፣ የራሱን መኪና ከገዛ በኋላ የሚያስገባውን ዕቃ ሁሉ ከንፈሩ ላይ በብረት መውጊያ ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር። ሦስት ነጥብ፣ ጎን ለጎን። ሰው ልጁን በጠባሳው ያውቀዋል ይል ነበር። እነዚህን አራቱን ያስገባው ከመሞቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ መውጊያውን ያቀበለችው እሷ ናት፤ የመዶሻውን ድምፅ ቆጥራለች፣ አራት ጊዜ ሦስት። አሁን ብረቶቹ ታጥበው ነጡ፤ አንዱም ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። ደግሞ ሁለቱ ለዚህ መኪና እንኳን የማይሆኑ፣ አንገታቸው የቀጠነ ናቸው። ኑሪ የማያውቀውን መንገደኛ ሬሳ አምጥቶ ዘመዳችሁ ነው ቅበሩት እንዳለ ሰው ሆነ።

ቦል ጆይንት ይሉታል መካኒኮቹ። የፊት ጎማን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያጋጥም ነው፤ እንደ ሰው ዳሌ፣ ክብ ራሱ በጎድጓዳው ውስጥ ይዞራል። በአንድ ወገን ሁለት ነው፣ በሁለት ወገን አራት። ሲያልቅ መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ ይላል፤ ቀጥሎ መሪው ይቅበዘበዛል፤ ከዚያ አንድ ቀን፣ ቁልቁለት ላይ፣ ራሱ ከጎድጓዳው ይወጣና ጎማው ተገልብጦ መኪናው ሥር ይተኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚጽፈው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ኑሰይባ ሐኪም ቤት ስትሄድ ያንን ቋ ቋ ሰምታ ለቤቱ ሁሉ የተናገረች እሷ ናት። ነገ በዚህች የሃያ ስምንት ዓመት ፓጄሮ ኑሪ፣ አስማ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ጋሽ ፋሩቅና የኑሰይባ አንዲት ልጅ ከሁለት ሕፃናቷ ጋር ተሳፍረው ወራቤ፣ ከወራቤም አልፈው ጠጠሩን መንገድ ወደ አያቶቻቸው ቀዬ ይወርዳሉ። ዘጠኝ ነፍስ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ኢስማኤል ወሬ እንኳን አያወራም ነበር። ኑሰይባ ራሷ አትሄድም፤ ቤት ጠባቂ ናት፤ ባልቴት ለመጠበቅ እንጂ ለመጫን አትመችም።

ወደ ፊት ግቢው ስትወጣ ኑሪ ቸርኬ ይወለውል ነበር። አሮጌዎቹ የብረት ቸርኬዎች ወልቀው፣ እንደ ብር ትሪ የሚያብለጨልጩ አራት አዳዲስ ገብተዋል። ወንበሮቹ ቀይ ቆዳ ለብሰዋል። የኋላው መስታወት ላይ በወርቅ ቀለም «ማሻአላህ» ተጽፏል። የኋላውን በር ብትከፍተው ክሪኩና የጎማ መፍቻው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሙሽራ የሚያህል ባፍል ተቀምጧል። ክሪኩ የት ሄደ ብትለው፣ ክብደት ነው፣ ሱቅ አድርሼዋለሁ አላት። ባፍሉ ላባ ነው መሰለኝ። ቸርኬው ስንት ወጣበት አለችው፤ ሰማንያ ሁለት ሺህ ብር፣ ያውም በወዳጅነት፣ አላት። አራቱን ቦል ጆይንት፣ ከነእጅ ዋጋው ሠላሳ ሺህ የማይሞላ ዕቃ፣ ለማስገባት ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ሁለት ቀን እንደመከረ ሁለቱም ያውቃሉ። ኑሪ ከሰው ይልቅ ለቸርኬው በሚያዝን ድምፅ አስረዳት፤ አገር ቤት ስንገባ ሰው የት እንደሚያይ ታውቂያለሽ፣ እትዬ፣ አላት።

«ሰው የሚያየው ጎማውን ነው። ጎማውን የያዘውን ማን ያያል?» አላት።

ማን እንደሠራው ጠየቀችው። አፍንጮ በር፣ ክፍሎም ጋ ነዋ፣ የወንድሜ ወዳጅ እያለ ሌላ ጋ ምን ወሰደኝ ብሎ ቸርኬው ውስጥ ጥርሱን አይቶ ፈገግ አለ። እሷ ነጠላዋን ደርባ፣ ፌስታሉን አንጠልጥላ ወጣች። ልትጥለው መስሎት ነበር።

ከጊዮርጊስ በታች ያለው መንገድ ተቆፍሮ፣ ተደልድሎ፣ አበባ ተተክሎበታል። ለኢስማኤል ሙሽርነት ጫማ የገዙበት መደዳ ሱቅ ሣር ሆኗል፤ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ወጣቶች ፎቶ ይነሳሳሉ። ኑሰይባ ብረቱ ትከሻዋን ሲያስጎነብሳት እጅ እየቀያየረች ምኒልክ አደባባይን ዞረች፤ ታክሲ ያዘች። ረዳቱ ፌስታሉን ረግጦ እናት ምን ጭነው ነው ሙዝ ነው እንዴ አላት፤ የሰው ዳሌ ነው አለችው፤ ከዚያ በኋላ አፍንጮ በር እስኪደርሱ አላናገራትም።

የክፍሎምን ጋራዥ፣ ጋራዥ ከሚሉት፣ ሁለት ግንብ መካከል የተወጠረ ቆርቆሮ ቢሉት ይሻላል። ክፍሎም ስልሳ የተጠጋ፣ ጸጉሩን ከኮፍያው ጋር ያስረጀ የዓድዋ ሰው ነው፤ ኢስማኤልን እንደ ወንድም ያይ ነበር፣ ቀብሩም ላይ ጉድጓዱ አፍ ቆሟል። ስትገባ ክራቫት ያሰረ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ያናግረው ስለነበር ኑሰይባን አላያትም፤ እሷም ጎማ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ሹፌሩ ያለቀ የፍሬን ሸራ ፈልጎ ነው የመጣው። ልብ በሉ፣ አዲስ አይደለም፤ ያለቀ። ክፍሎም ግድግዳው ጥግ ወደቆመ በርሜል ሄደ። በርሜሉ እስከ አፉ በአሮጌ ዕቃ የተሞላ ነው፤ የተበላ ሸራ፣ የተበጠሰ ቺንጊያ፣ የደፈነ ፊልትሮ፣ ዘንጎ፣ ቦል ጆይንት። ምን ያህል ያለቀ ይሁንልህ አለው። ሹፌሩ አሰብ አድርጎ መካከለኛ ይሁን አለ፤ ጭራሹን ካለቀ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ይሉኛል፣ ብዙ ከቀረው ደግሞ ለምን አስቀየርክ ይሉኛል። እንደ ሥጋ ቤት ደንበኛ አማረጠ፤ ሁለት ብልት አስጠቅልሎ፣ ሦስት መቶ ብር ከፍሎ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ሄደ። የመንግሥት ይሁን የድርጅት፣ አንድ መኪና በዚያች ደቂቃ በወረቀት ላይ አዲስ ፍሬን ገባለት።

ክፍሎም ዘወር ሲል ኑሰይባን አየ፤ ከእሷ በፊት ግን ፌስታሉን አየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በአገሩ ቋንቋ እናቴ ሲላት፣ አደይ ኑሰይባ መቼ መጡ አላት፣ ሻይ ላስመጣልዎ አላት፣ የጉልበትዎ ነገር እንዴት ሆነ አላት፤ አንዱንም መልስ አልጠበቀም። እሷ የታጠቡትን አራት ብረቶች እሱ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ደረደረችለት። ሲታጠቡ ንፁህ ናቸው፣ የማንም ናቸው። ክፍሎም የተሰረቀ ዶሮ በእጁ እንደተገኘበት ሰው ቆመ። ቀስ እያለ ነገራት። ኑሪ ማክሰኞ መጥቶ አዲሱ ስንት ነው አለው፤ ዋጋውን ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ብቻ የሚጠፋበት መላ የለም ወይ አለው። አለ፤ ጎማውን ሳይፈቱ በመርፌ ወፍራም ግሪስ መውጋት ነው፤ ያለቀው ብረት በግሪስ ተንሳፍፎ አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ይላል፣ ከዚያ ግሪሱ ሲተፋ ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣል። ይኼ መድኃኒት አይደለም፣ ለታመመ ሰው አፉን ማሰር ነው ብዬዋለሁ አለ ክፍሎም። ኑሪ ወግተህ ተወው፣ አሮጌም ጨምርልኝ አለው። ከበርሜሉ አራት ሰጠው።

«ዘጠኝ ሰው እንደሚጫንበት ነግሮሃል?»

«እስከ አረፋ ዝም ይበልልኝ ነው ያለኝ፣ አደይ። ስለ ሰው አላነሳም።»

«አንተስ አላነሳህም።»

ክፍሎም ጨርቅ አንስቶ ንፁህ የነበረ መፍቻ ጠረገ። ኢስማኤል ቢኖር ይኼን በርሜል በላዬ ላይ ይደፋው ነበር አለ። ነገር ግን አደይ ይፍረዱኝ አለ፤ አዲስ ዕቃ በወር ሁለት ሦስት ብሸጥ ነው፣ አሮጌው ነው ቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ሰዉ የሚፈልገው መሠራቱን ሳይሆን መሠራቱ መታየቱን ነው። ኑሰይባ አልፈረደችም፣ አልማረችም፤ ከሰዓት በኋላ ቤት መጥቶ ይኼንኑ ቃል በጋሽ ፋሩቅ ፊት እንዲናገር ለመነችው። ክፍሎም ራሱን ነቀነቀ። ባለ ሱቅ ሰው ነው፣ ስሜን ያጠፋዋል፣ ደግሞ የሰው ዘመድ መካከል ገብቶ የወጣ መካኒክ አላየሁም አላት። ከዚያ ክፍሎም ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ክሪክና የጎማ መፍቻ አወጣ፤ ጠረገው፤ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«ምስክር አልሆንም። ክሪክ ግን ላውስዎ።»

ስንት ዓይነት ወንድነት አለ፣ ልጆቼ። ይኼም አንዱ ነው፤ ክሪክ የሚያውስ ወንድነት።

ብረቶቹን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከትታ በታክሲ ስትመለስ ረዳቱ ክሪኩ ቦታ ይዟልና ይክፈል አላት። የሁለት ሰው ከፍላ ክሪኩን ከጎኗ አስቀመጠችው፤ ከክራቫቱ ሰውዬ ይልቅ እሱ ደህና ጎረቤት ነው ብላ። ግቢ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቤቱ የጉዞ ቤት ሆኗል፤ በረንዳው ላይ ሻንጣ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ለአያቶች የተገዛ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ተከምሯል። ኑሪና ጋሽ ፋሩቅ ለዐስር ሶላት ለመድረስ ወደ መስጊድ ሊወጡ ነው፤ ከዚያ ሱቅ ጎራ ይላሉ። ኑሪ ለሶላቱ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ በሩ ላይ ተገናኙና ክሪኩን አየው፣ የጠየቃት ነገር ግን የለም። እሷም አልነገረችውም። በዚህ ቤት ዝምታ ከጥንት ጀምሮ የቤተሰብ አባል ነው፤ የራሱ ወንበር አለው።

እነሱ ከወጡ በኋላ ኑሰይባ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰበሰበች። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጠች። የፊት ግራውን ጎማ ብሎኖች መሬት እንደቆመ፣ መፍቻው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ በክብደቷ አላላቻቸው፤ ኢስማኤል ለሴት ክንድ መንገድ አለው ብሎ ያስተማራት እንዲህ ነው። ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ሥር አስገብታ ጎማው ከመሬት አንድ ስንዝር እስኪነሳ ጠመዘዘች። ከዚያ ከከሰሉ ጥግ ዲጂኖ፣ ያንን ረጅም የብረት መፈንቀያ፣ ጎትታ አመጣች። ይኼ ምርመራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ዲጂኖውን ከጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያው ላይ ያያል። በሃያ ዓመት ውስጥ የምታነሳው ሁልጊዜ እሷ ነበረች፣ የሚያየው ኢስማኤል። ቀና ስትል አስማ በረንዳው ላይ ቆማ ታያታለች፤ ሁለት እጇን እንደ ዱዓ ወደ ላይ ዘርግታለች፤ መዳፎቿ በእርጥብ ሂና ተሸፍነዋል።

«ነይ ይኼን አንሺልኝ» አለቻት ኑሰይባ።

አስማ እጄ ሂና ነው አለች። ደግሞ ኑሪ ቢያይ ምን ይላል አለች፤ ትላንት ነው የተሠራው አለች። ኑሰይባ አልተከራከረችም። ልጆችሽ የሚቀመጡት በዚህ በኩል ነው ወይስ በዚያ አለቻት፤ ለወሬ ያህል ነው የጠየቀቻት፣ እንደ ገበያ ዋጋ። አስማ ወደ ቧንቧው ሄዳ ገና ያልያዘውን ሂና፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የተጠበበችበትን፣ አጠበችው፤ ሮዝ ሆኖ ፈሰሰ። መጥታ ዲጂኖውን ያዘች፤ አነሳች። መኪናው ቋ አለ። ጎማው አናቱን ወደ ውጪ ሰበቀ፣ ሲለቁት ተመልሶ ገባ፤ ከመገጣጠሚያው ቢጫ ግሪስ እንደ ተረገጠ ቅቤ ወጣ። አስማ አንዴ ደግማ አነሳች፤ ማንም አላዘዛትም። ቋ።

ጎማውን አወለቁት። ኑሰይባ በላምባ የራሰ ጨርቅ ይዛ ተንበርክካ የላይኛውን ከንፈር ጠረገች፤ ግሪሱ ለቀቀ፣ ዝገቱ ለቀቀ፣ ከሥሩም ሦስት ነጥብ ጎን ለጎን ብቅ አሉ። የታችኛውም ላይ ሦስት። ለጥቂት ጊዜ እጇን ከዚያ አላነሳችም። አስማ ከጀርባዋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ሮዝ ጣቷን ሰድዳ ነጥቦቹን ነካቻቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨርቁንም አስማ ተቀበለቻት። ቀጥለው ያንን የሚያብለጨልጭ ጎማ ሁለቱ እያንከባለሉ በረንዳውን አሻግረው እንግዳ ክፍል አስገቡት፤ ምንጣፉ መሐል፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስተኙት። ደህና አድርገው አፀዱትም።

ኑሪና ጋሽ ፋሩቅ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ኑሪ መጀመሪያ ያየው መኪናው በሦስት እግሩ መቆሙን ነው፤ ቀጥሎ በተከፈተው በር ጎማው ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ልጆቹ ፊታቸውን ሲያዩበት። ማን ፈታው አለ። እኔ አለች ኑሰይባ፣ ከመኪናው አጠገብ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች።

«ሰው የሚያየው ጎማውን ነው ብለሃል። አስገብተንልሃል፣ ይታይልህ። እኛ የያዘውን እያየን ነው።»

ጋሽ ፋሩቅ ጠዋት የመረቁትን አልረሱም ነበርና ደነገጡ። ጎማው ወደ ወለቀበት ቀረቡ፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የኢስማኤልን ምልክት ያውቃሉ፤ እሳቸውም ሚኒባስ በነበራቸው ዘመን እየቀለዱበት ኮርጀውታል። ነጥቦቹን በጥፍራቸው ቆጠሩ። አስማ ዲጂኖ እንድታነሳ የጠየቃት ሰው የለም፤ በሌላኛው ወገን አስገብታ አነሳች፤ እዚያም ቋ አለ። ኑሪ ባለ ጋራዡ ሸውዶኛል አለ። አሮጌ ወዳጅ ብዬ ባምነው ነው፣ ዛሬ ሰው ይታመናል ወይ፣ ወላሂ አልለቀውም አለ፤ ድምፁ ከቃል ወደ ቃል እየበረታ ሄደ። ጋሽ ፋሩቅ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ በለሆሳስ ተናገሩ።

«ደውልለት። እዚሁ፣ ድምፁን ከፍተህ።»

ኑሪ ስልኩን ከጀለቢያው ኪስ አወጣ። አየው። በመስታወቱ ላይ ያልነበረ ጉድፍ በአውራ ጣቱ ጠረገ። መልሶ ኪሱ ከተተው። ግቢው ውስጥ የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። ወሬ ለማየት የወጣችው የኑሰይባ ልጅ ሕፃኗን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዘለች፤ ለዓመታት ከአጎቷ ከኑሪ ፊት ቀና ብላ አታውቅም፣ ያን ዕለት ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ጋሽ ፋሩቅ ፍርዱን በአጭሩ ሰጡ። ነገ በጠዋት ቸርኬውም ባፍሉም ወደ ነበሩበት ይመለሱ፣ የገዛህበት ዋጋ ባይገኝ እርም በለው፤ አራቱም አዲስ ይግቡ፤ አረፋን በዋዜማው ማታ ደርሰን እናከብራለን፣ መኪናው ካልደረሰም በአውቶቡስ እንሄዳለን። ዱዓ ከመሪው በላይ ነው፣ ብሎን ግን ከመሪው በታች ነው ይል ነበር ወንድምህ አሉት። ኑሰይባ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ አዲሶቹ ሲገቡ ሦስቱን ነጥብ የምትመታው እሷ እንድትሆን። የተቃወመ የለም። ደግሞ እትዬ ኑሰይባ ዘንድሮ ቤት አትጠብቅም፣ ከፊት ነው የምትቀመጠው አለች አስማ፤ ለማንም ሳይሆን ለዲጂኖው እንደምትናገር ሆና።

ኑሪ እስከዚያ ድረስ ጎንበስ አላለም ነበር። «ንካው» አሉት ጋሽ ፋሩቅ። ነካው፤ ሳይፈልግ ጣቱ ሦስቱም ነጥብ ላይ አረፈ፤ እጁን ሲያነሳ እስከ አንጓው ቢጫ ግሪስ ሆኗል። ጀለቢያው ነጭ ነው። እጁን ከሰውነቱ አርቆ ያዘና የሚጠርግበት ነገር በዓይኑ ፈለገ። ጨርቁ አስማ ጋ ነበር፤ አስማ አየችው፣ ጨርቁን አጣጥፋ በብብቷ ያዘችው። ጋሽ ፋሩቅ ሻንጣዎቹን ይቆጥራሉ። ልጆቹ እንኳን ጎማውን ትተው አባታቸውን ያያሉ። በዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል አንድም ሰው ቁራጭ ሶፍት ላቀብለው ብሎ አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ያዘነችለት ኑሰይባ ናት። ጥቁሩን ፌስታል አነሳች፤ አራቱን ባዕድ ብረቶች ከኑሪ ጫማ አጠገብ ዘረገፈችና ባዶውን ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ጠረገበት፤ ደግሞ ጠረገበት። ፌስታል ግን ግሪስ አይጠርግም፤ ከአንዱ ጣት ወስዶ ለሌላው ያድላል።